የድንኳን ሕክምና ነገር (ሐዋሳ)

የታቦር ልጅ፦ «ለሐዋሳ ነዋሪዎች ነፃ የጤና ምርመራና የሥነ ልቦና ድጋፍ ተሰጠ» የሚል ዜና አያችሁ? ድንኳን፣ ባነር፣ አዲስ ቲሸርት። አንዲት እናት ክንዳቸው ላይ የግፊት መለኪያ ታስሮ ካሜራ ያያሉ። ግፊቱስ ይሁን። የሥነ ልቦና ድጋፍ ግን ተሰልፎ በ5 ደቂቃ? ድንኳኑ ሲነቀል ማን ይከታተላቸዋል?

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ቤት ተቀምጦ መተቸት ይቀላል። ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ሰው በአጋጣሚ ሲለካ ነው የሚያውቀው። «ድብርት ያዘኝ» ብሎ ካርድ የሚያወጣም የለም። «ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነው የሚሉት። ለግፊት ሲመጡ ያንንም አብረን እንጠይቃለን። ከምንም ይሻላል።

የታቦር ልጅ፦ «ከምንም ይሻላል»! ይቺ ናት እኮ ያስቀረችን። መንገዱም ከምንም ይሻላል፣ ውሃውም ከምንም ይሻላል። የድብርት መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። ድንኳኑ ስንት ቀን ቆየ? ሂሳቡን አንቺው ሥሪው።

አሞራ ገደል፦ 9 ጥያቄ ያለው የድብርት መጠይቅ አለ አይደል? የመጨረሻው «ብሞት ይሻላል ብለው ያስባሉ?» ዓይነት ነው። ጎረቤቷ አጠገቧ ተሰልፋ ምን ብላ ትመልስ? «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች። ሪፖርቱ ላይም ደህና ተብላ ትገባለች።

ነርሷ፦ መጋረጃ አለን። ፎቶ ላይ ስላልታየህ የለም ማለት አይደለም።

አሞራ ገደል፦ ጨርቅ ድምፅ ይከለክላል?

የሼዷ፦ እኔ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተን ነው የምንኖረው። ከፈረቃ ስወጣ ጤና ጣቢያው ተመላላሽ አያይም። ከሥራ ከቀረሁ ይቆረጥብኛል። እሑድ ድንኳን ቢመጣ እሄዳለሁ። ለእኔ በእውነት ከምንም ይሻላል።

የታቦር ልጅ፦ አየሽ! «እሑድም ጤና ጣቢያው ይሥራ» በያ! ድንኳን ለምን ትለምኛለሽ? ፓርኩ ከተመረቀበት ከ2008 ጀምሮ ይኼን ያሰበ የለም?

የሼዷ፦ እሱ እስኪሆን ምን ልሁን? አንተን ልጠብቅ?

ጋሽ ሐይቅ ዳር፦ ይኼ ሁሉ ጣጣ ድሮ አልነበረም። ቡና ነበር፣ እድር ነበር፣ ጸበልም አለ። ልጆቻችንን ኪኒን አታስለምዱብን።

ባለባጃጁ፦ ድሮ ካልነበረ አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ለማን ነው የተሠራው?

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ጸበሉን ማን ከለከለ? ይጠመቁ፣ ኪኒኑንም ይዋጡ። ችግሩ ታማሚዎቹ መድኃኒቱን ጥለው ሲሄዱ ነው። ሲያገረሽባቸው በገመድ ታስረው ይመጡብናል።

ጋሽ ሐይቅ ዳር፦ ልጄ፣ በሃይማኖት አትምጪብን።

ነርሷ፦ ኧረ ማን መጣ!

አሞራ ገደል፦ ጸበሉን ተዉትና ወደ ነገሩ እንመለስ። ገጠር በ1995 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ከተማ ከገባ ቆየ። እነዚያ ልጆች ቤት ለቤት ይዞራሉ። ከወለደች ወዲህ ሰው የማታናግረው ማን እንደሆነች ያውቃሉ። መድኃኒት ያቋረጠውን ያውቁታል። ለድንኳኑ የወጣው ገንዘብ ለእነሱ ሥልጠና ይዋል፣ ደመወዛቸውም ይስተካከል። ባነር ምን ይሠራል?

ነርሷ፦ ጨምሩባቸው በለኛ! ክትባቱ እነሱ ላይ፣ ቤተሰብ ምጣኔው እነሱ ላይ፣ ሽንት ቤት ቆጠራው እነሱ ላይ። ማታ ደግሞ ሪፖርት። የእነሱን ጭንቀት ማን ይጠይቅ?

አሞራ ገደል፦ ደመወዝ ያልኩትን ዘለልሽው።

የታቦር ልጅ፦ ደመወዝ ካነሳችሁ አይቀር፣ የድንኳኑ አበል ስንት ነበር?

ነርሷ፦ ጠብቄህ ነበር! ያለፈው ዙር እንኳ እስካሁን አልተከፈለንም።

ባለባጃጁ፦ ሃሃሃ፣ እነሱንም ነፃ አደረጓቸው።

ጋሽ ሐይቅ ዳር፦ እኔ የጠየቅኩትን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ነርሷ፦ ምን ጠየቁ ጋሼ?