«ወግ ማዕረግ» እና ያልተተረጎመው ቃል

ተርጓሚዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቃል ሦስት ቀን ይዞኛል። ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የሚሆን ጽሑፍ እየተረጎምኩ «ሄትሮኖርማቲቪቲ» የሚል ቃል ገጠመኝ። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1991 ያስተዋወቀው ማይክል ዋርነር የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ነው። ወንድ ሴትን ይወዳል፣ ሴት ወንድን ትወዳለች፣ ይጋባሉ፣ ይወልዳሉ። አብዛኛው ሰው የሚኖረው እንዲህ ነው። ቃሉ ግን ስለዚህ ኑሮ አይደለም። ሌላ ኑሮ የለም ብሎ አስቀድሞ ስለ መደምደም ነው። ማንንም ሳይጠይቁ ሁሉንም በዚያ መመተር ማለት ነው። ከዚያ የወጣው ሰው የጎደለው ነገር ያለ ይመስላል።

እስካሁን «ተቃራኒ ፆታ ተኮር ልማዳዊነት» ብዬዋለሁ። ጮክ ብዬ ሳነበው አፌ ውስጥ አልገባ አለኝ። እርዱኝ።

አናጢው፦
የእኔ ሥራ እንጨት ነው፤ የቃሉን መሃል ግን አውቀዋለሁ። «ኖርማ» በላቲን የአናጢ ማዕዘን መለኪያ ነው። እኛ ከጣሊያኖች ወስደን ስኳድራ የምንለው። ስኳድራውን እንጨቱ ላይ ታሳርፊዋለሽ። ክፍተት ከታየ ጠማማ የሚባለው እንጨቱ ነው። ስኳድራውን ማንም አይጠረጥርም። ወይራ ቀጥ ብሎ አያድግም፤ ግን ከባሕር ዛፍ የቱ እንደሚጠነክር ማንም ያውቃል።

ቅኔ ቤት፦
አናጢው ግሩም ነገር ነገርከን። እኔ «ፆታ» ላይ ልጨምር። በግዕዝ «ጾታ» ወገን፣ ክፍል፣ ረድፍ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን «ሦስቱ ጾታ ምእመናን» ስትል ካህናትን፣ ወንዶችንና ሴቶችን ትቆጥራለች። ይህ የሥርዓት ክፍፍል ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ልናስብላት አይገባም። ግን ቃሉ ሲወለድ «ወንድና ሴት» ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል። «ሥርዓተ ፆታ» የሚለውማ የቅርብ ጊዜ ነው፣ ከቢሮና ከሥልጠና አዳራሽ የወጣ።

«ተቃራኒ» የሚለውን ብትተይው ደስ ይለኛል። የሚቃረን ማለት እኮ ነው። ወንድና ሴት ተፋጠው የቆሙ ይመስላል።

የደሴዋ፦
ተርጓሚዋ ልጄ፣ ቃሉን ባሕር ማዶ አትፈልጊው። እቤታችን አለ። «ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» ተብለሽ አልተመረቅሽም? ወግ ልማድ ነው። ማዕረግ ደረጃ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ግን ሠርግ ይሆናሉ። እንግዲህ ያልዳረ፣ ያልኳለ፣ ያላገባ ደረጃ የለውም ማለት ነው።

አክስቴን ላንሳ። ዕድሜዋን ሙሉ አስተማሪ ነበረች። ሰባት የእህትና የወንድም ልጅ አሳድጋለች፤ አንዷ እኔ ነኝ። የሰፈር ሰው ግን «ቆማ ቀረች» ነበር የሚላት። የቆመችውስ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ነበር! ሠርግ ቤት ስትገባ «የአንቺን የምንበላው መቼ ነው?» ይሏታል። እየሳቀች ታልፋቸዋለች። ኋላ መጠየቁንም ተዉት። ያኔ ነው የከፋት።

አጎቴም አላገባም። እሱን «ወንደላጤ» አሉት። ሰባ ዓመት አልፎትም ወንደላጤ ነበር፣ ቃሉ ውስጥ ፈገግታ አለበት። ደብዳቤ ሲመጣለት «አቶ» ነው። ያግባ አያግባ «አቶ» አይናገርም። አክስቴ ግን ጡረታ ወጥታም «ወይዘሪት» ነበረች። «ወይዘሮ» እኮ ድሮ የመሳፍንት ዘር ማዕረግ ነበር፣ ባል ስላላት አልነበረም የምትባለው። ዛሬ ባል ሆነ መለኪያው። «ጋለሞታ»ንም እዩልኝ። የፈታች ወይም ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ማለት ነበር። ያለ ወንድ መኖሯ ብቻ ቃሉን ወደ ስድብ ጎተተው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የፒያሳው ልጅ፦
እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። «ወግ ማዕረግ» ምርቃት ነው። እናቴ እጇን ዘርግታ ስትመርቀኝ ደስ ይለኛል። ከፈረንጅ ንድፈ ሐሳብ ጋር ለምን እናገናኘዋለን?

የደሴዋ፦
ልጄ፣ ምርቃቱን መች ጠላሁ? ልጆቼን የዳርኩት በሱ ነው። ግን አክስቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስመርቅ አንገቷን ትደፋ ነበር። እሷ ምን እንደምትሰማ ያኔ አላሰብኩም። ዛሬ አስባለሁ።

የፒያሳው ልጅ፦
ገባኝ እማማ። እኔም አንድ ቃል አለችኝ። ልጅ ሆኜ ድምፄ ቀጭን ነበር፣ ኳስ አልወድም ነበር። «ሴታሴት» ይሉኛል። ታላቅ እህቴ ዛፍ ትወጣለች፣ ትደባደባለች። እሷን «ወንዳወንድ» ይሏታል። ስድቡ ግን እኩል አልነበረም። የሷን አባቴ በኩራት ይናገረው ነበር፣ አንዳንዴም «ወንድ ናት እኮ!» ይላታል። የኔን ቤት ውስጥ ማንም አይደግመውም። ወደ ወንድ መጠጋት ከፍ ማለት፣ ወደ ሴት መጠጋት ዝቅ ማለት ሆኖ ነው የተማርነው። የዋርነር ቃል ይህንንም ይይዛል ወይ?

ተርጓሚዋ፦
ይይዛል። ማን ማንን ይወዳል የሚለው ላይ አይቆምም። ወንድ እንዴት ይራመዳል፣ ሴት እንዴት ትስቃለች የሚለውም አለበት። አንዱ ሌላውን ይደግፋል። «ሴታሴት» የተባለ ልጅ ቀጥሎ የሚጠረጠረው በምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ነገር ላካፍላችሁ። «ሄትሮሴክሹዋል»፣ ማለትም ሌላውን ፆታ የሚወድ፣ የሚለው ቃል ራሱ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የፈጠረው ኬርትቤኒ የተባለ የሀንጋሪ ጸሐፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 የዌብስተር መዝገበ ቃላት ወንድ ለሴት፣ ሴት ለወንድ ያላትን ስሜት በበሽታ መልክ ነበር የፈታው። በ1934 እትም ግን «ጤናማ ወሲባዊነት» የሚል ፍቺ ሰጠው። ሰው በ11 ዓመት ውስጥ አልተለወጠም። ስኳድራው ነው የዞረው።

ሌላው የከበደኝ «ግብረ ሰዶም» ነው። ጽሑፉ ስለ ሰዎች ያወራል፤ የኛ ቃል ግን ድርጊትንና የጠፋችን ከተማ ነው የሚጠራው። ፍርዱ ቃሉ ውስጥ አልቋል። አገራችን ውስጥ ድርጊቱ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ያስቀጣል፤ አንባቢዬም ይህን ያውቃል። ቢሆንም የተርጓሚ ሥራ መፍረድ አይደለም። «ተመሳሳይ ፆታን የሚወዱ ሰዎች» ብዬ እጽፋለሁ። ይረዝማል። ይርዘም።

ቅኔ ቤት፦
ልክ ነሽ። ሰዋስዋችንም ላይ አንድ ማስታወሻ ጻፊበት። «ፍቅረኛ አለህ?» ብንል ፍቅረኛዋ ሴት መሆኗ አልተነገረም። «ቆንጆ ናት?» ስንል ግን ግምታችን ግሱ ጭራ ላይ ይወጣል። «አገባ»ም ያው ነው። ከ«ገባ» የመጣ ነው፤ ወደ ቤቱ አስገባት እንደ ማለት። ሴቲቱ ግን «ተዳረች» ነበር የምትባለው።

በሌላ በኩል «እርስዎ» ስንል ወንድ ሴት አንለይም። «መጡ»፣ «ይግቡ»፣ «ባለቤትዎ ደህና ናቸው?» እዚህ ውስጥ ማን ወንድ ማን ሴት እንደሆነ ንገሩኝ! ስናከብር ፆታውን እንተወዋለን። ይህ ከቋንቋችን የምወደው ነገር ነው።

ተርጓሚዋ፦
ቅኔ ቤት፣ የመጨረሻውን እንዳለ ነው የምወስደው። አሁን የደረስኩበት ይህ ነው፦ መጀመሪያ «ሄትሮኖርማቲቪቲ» ብዬ እንዳለ አስቀምጣለሁ። ቀጥሎ «የወንድና የሴት ጥንድነትን ለሰው ሁሉ ብቸኛ ደንብ ማድረግ»። ከሥሩ የ«ወግ ማዕረግ» ማብራሪያ ይገባል። የአክስትዎን ታሪክ ስም ሳልጠራ ብጠቅስ ይፈቅዱልኛል?

የደሴዋ፦
ጥቀሽው ልጄ። «መምህርት» ብለሽ ጻፊያት፣ «ወይዘሪት» አትበያት።

ቅኔ ቤት፦
«ደንብ» ከምትይ «ወግ» በይው። ደንብ ተጽፎ ይለጠፋል፣ ሰው አንብቦ ይከራከረዋል። ወግ የተጻፈበት ቦታ የለም።

ተርጓሚዋ፦
«ብቸኛ ወግ ማድረግ»። አሁን አፌ ውስጥ ገባ። እቀይረዋለሁ።