90 ፎቶን ብቻ ባለው የኤክስሬይ ዳታ ምን ላድርግ?

የማራኪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ እህታችሁን እርዱኝ። ጎንደር የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የማጠናው የአንድ ቅርብ ጋላክሲን ማዕከል ነው፤ ብላክ ሆሉ ንቁ ቢሆንም ብርሃኑ በጣም ደካማ ነው። ከቻንድራ (የናሳ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ) ማኅደር ካወረድኩት ዳታ መሃሉ ላይ ያገኘሁት 90 ገደማ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ነው። በኃይላቸው ቅደም ተከተል በ20 በ20 ሳቧድናቸው አራት ነጥብ ብቻ ቀረኝ። ፓወር ሎው (ኃይል ሲጨምር የፎቶን ቁጥር እንዴት እንደሚቀንስ የሚገልጽ ቀመር) በካይ ስኩዌር (ቀመርና ዳታ ማነጻጸሪያ ስሌት) ሳስማማ ደግሞ ኢንዴክሱ፣ ማለትም የቅናሹ ፍጥነት፣ 0.6 ይወጣል፤ የሚጠበቀው 1.8 አካባቢ አይደል? ጋላክሲ ልቀይር ወይ?

የአዘዞው፦ ኧረ አትቀይሪ እህቴ! 90 ፎቶን ለካይ ስኩዌር ያንሳል እንጂ ለሥራ አያንስም። በየክፍሉ ቢያንስ 1 ፎቶን እንዲኖር ብቻ አቧድኚና ኤክስስፔክ (የስፔክትረም መተንተኛ ሶፍትዌሩ) ላይ ለጥቂት ፎቶን የሚሆነውን ሲ-ስታት የተባለ ስሌት ምረጪ። በእኛ ጋላክሲ ውስጥ ያለውን፣ ኤክስሬይ የሚውጠውን ጋዝ፣ የሃይድሮጅን መጠን ደግሞ ከሬዲዮ ካርታ ወስደሽ ቆልፊው። በትንሽ ዳታ ሁሉን ነፃ ከለቀቅሽ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ያሳስትሻል።

ጋሼ ፒያሳ፦ 0.6ን አትናቂው ልጄ፣ ብዙ ይናገራል። ከ0.5 እስከ 2 እና ከ2 እስከ 8 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያሉትን ለየብቻ ቁጠሪያቸው። የታችኞቹ ከጎደሉ ምንጩ በወፍራም ጋዝ ተሸፍኖ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መጋረጃ (ብርሃን የሚውጥ ጋዝ) የሌለው ፓወር ሎው ጠፍጣፋ ይወጣል። ኢንዴክሱን 1.8 ላይ ቆልፈሽ በጋላክሲው ውስጥ ላለው ጋዝ ሌላ መጋረጃ ጨምሪለት። ዳታው መቼ እንደተነሳም እዪ፦ ቻንድራ በ1999 ከመጠቀ ወዲህ ካሜራው ማጣሪያ ላይ ብክለት ስለተጠራቀመ ዝቅተኛ ኃይል ያላቸውን ፎቶኖች ይውጣል። የካሊብሬሽን (የመሣሪያውን ለውጥ ማስተካከያ) ፋይልሽ የቆየ ከሆነ ያልነበረ መጋረጃ ያሳይሻል።

ሌሊት ተመልካች፦ እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ብላክ ሆሉ መሆኑን በምን አረጋገጥሽ? የኤክስሬይ ጥንድ ኮከቦችም እስከ 10³⁹ ኤርግ በሰከንድ (የድምቀት መለኪያ ነው) ይደርሳሉ። ቻንድራ ግማሽ አርክ ሰከንድ (አርክ ሰከንድ የዲግሪ 1/3600 ነው) ድረስ ስለሚለይ ፎቶን የምትቆጥሪበትን ክብ 2 አርክ ሰከንድ ላይ አጥብቢውና ቦታው ከሬዲዮ ማዕከሉ ጋር መግጠሙን አጣሪ። ኤክስኤምኤም ኒውተን (የአውሮፓ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ) ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ይቀላቀልብሻል። ከኤም 81 ጋላክሲ ጋር ማነጻጸር ካሰብሽም ተጠንቀቂ፤ መሃሉ ለቻንድራ ከመጠን በላይ ደማቅ ስለሆነ ሁለት ፎቶን እንደ አንድ ይቆጠራል፣ ስፔክትረሙም ያለ መጋረጃ ጠፍጣፋ ይመስላል።

የማራኪዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ቆጠርኩ፦ ከታች 21፣ ከላይ 66። ጋሼ እንዳሉት ነው! ካሊብሬሽኑን ላድስ ስል ግን ኢንተርኔቱ መሃል ላይ እየተቆረጠ አስቸገረኝ።

የአዘዞው፦ ሳይሰርቨር (በኢንተርኔት የሚሠራበት የሳይንስ ኮምፒውተር አገልግሎት) ላይ አካውንት ክፈቺ፣ ነፃ ነው። ሶፍትዌሩም ማኅደሩም እዚያው ስላለ አንቺ የምታወርጂው ግራፉን ብቻ ነው።