ፒክ 3 ላይ ቦክስ ይሻላል ወይስ ኮምቦ? (ሜሪላንድ ሎተሪ)

የብርሃን እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሜሪላንድ ሎተሪን ፒክ 3 (ሦስት አኀዝ ተመርጦ የሚቆረጠውን) በደንብ የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ። 4-4-7ን በ50 ሳንቲም ቦክስ ቆርጬ 7-4-4 ወጣና 80 ዶላር ተከፈለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ 3-5-8ን በዚያው በ50 ሳንቲም ቦክስ ቆርጣ 5-8-3 ወጣላት፤ የተሰጣት ግን 40 ዶላር ነው። ሻጩ ተሳስቶ ነው? ስትሬት፣ ቦክስ፣ ኮምቦ ከሚሉትስ የቱ ያዋጣል? ብዙ ጊዜ ያልወጣ ቁጥር መያዝ ይጠቅማል የሚሉም አሉ።

ሒሳቡ ይናገር፦
ሻጩ አልተሳሳተም፤ ክፍያውን የሚያሰላው ማሽኑ ነው። ቦክስ ማለት አኀዞቹ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢወጡ ይከፍላል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። 3-5-8 ሦስቱም አኀዞች ስለሚለያዩ በስድስት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊወጣ ይችላል። 4-4-7 ግን አንዱ አኀዝ ስለተደገመ ያለው ሦስት ብቻ ነው፦ 447፣ 474፣ 744። የመውጣት ዕድሉ በግማሽ ስለሚያንስ ክፍያው እጥፍ ይሆናል። በ50 ሳንቲም ባለ ስድስቱ 40፣ ባለ ሦስቱ 80 ዶላር፤ በአንድ ዶላር ደግሞ 80 እና 160።

ስትሬት ማለት በቅደም ተከተሉ ልክ መግጠም አለበት ማለት ነው፤ በ50 ሳንቲም 250፣ በ1 ዶላር 500 ይከፍላል። ብዙ ሰው የሚቆርጠው ስትሬት/ቦክስ የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ አንዱ ዶላር 50 ሳንቲም ለስትሬት፣ 50 ሳንቲም ለቦክስ ይከፈላል። 3-5-8 ልክ እንደተያዘው ቢወጣ 250 እና 40፣ በድምሩ 290 ይደርሳል። ተዘበራርቆ ከወጣ 40 ብቻ።

ኮምቦ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ኮምቦ ስድስቱንም ቅደም ተከተል አንድ በአንድ በስትሬት መግዛት ነው፤ በ1 ዶላር ሒሳብ 6 ዶላር ያስወጣል፣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢወጣ 500 ይከፍላል። ያንኑ 6 ዶላር በአንድ አንድ ዶላር ቦክስ ስድስት ጊዜ ብትቆርጪበት የሚከፈልሽ 6 ጊዜ 80፣ ማለትም 480 ነው። ገንዘቡ ያው፣ ዕድሉ ያው፣ ክፍያው ግን በ20 ዶላር ያንሳል። በባለ ሦስቱም እንደዚያው ነው፤ የ3 ዶላር ኮምቦ 500፣ የ3 ዶላር ቦክስ 480። ስለዚህ በአንድ ቁጥር ላይ ቦክስ እየደራረበ የሚገዛ ሰው በከንቱ እየከሰረ ነው።

ያም ሆኖ "ያዋጣል" የሚለው ቃል እዚህ ቦታ የለውም። ከ1,000 ቁጥር አንዱ ነው የሚወጣው፣ የሚከፈለው ደግሞ 500 ነው። ከገባው ገንዘብ በአማካይ ግማሹ ለተጫዋቹ ይመለሳል፤ በቦክስ 48 በመቶው።

ያልወጣ ቁጥር ስለመያዝ፦ ኳሶቹ ትናንት የወጣውን አያውቁም። በቀን ሁለቴ ዕጣ ስላለ በ500 ቀን 1,000 ዕጣ ይወጣል። በዚያ ሁሉ ዕጣ ውስጥ ከ1,000ዎቹ ቁጥሮች ወደ 370 የሚጠጉት አንዴም ሳይወጡ እንደሚቀሩ ሒሳቡ ራሱ ይነግርሻል። ስለዚህ "ተራው ደርሷል" የሚባል ቁጥር የለም። ከዓመት በላይ ሳይወጣ የቆየውም ነገ ያለው ዕድል 1 ከ1,000 ነው።

ካውንተር ላይ ያለሁ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ ቲኬቱን ስለመያዝ ልጨምር።

አገር ቤት የለመድነው ቁጥሩ የታተመበትን ቲኬት መርጦ መግዛት ነው። እዚህ ቁጥሩን የሚናገረው ገዢው ስለሆነ ስህተት የሚገባው እዚያው ነው። ከካውንተሩ ሳትርቂ ሦስት ነገር እዪ፦ ቁጥሩን፣ ስትሬት ወይም ቦክስ መሆኑን፣ እና ሚድዴይ ወይስ ኢቭኒንግ የሚለውን። ትልቁ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከመጨረሻው ነው። የማታው ዕጣ የተቆረጠለት ቲኬት ላይ የቀኑ ቁጥር ቢገጥም ምንም አያስገኝም።

ከዚያ ጀርባው ላይ ፈርሚ። ያልተፈረመ ቲኬት በያዘው ሰው እጅ ያለ ገንዘብ ነው። ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ዓይነት ስለሆነ በበጋ የመኪና ዳሽቦርድ ላይ ከተተወ ይጠቁርና ቁጥሩ አይነበብም።

እስከ 600 ዶላር ማንኛውም የሎተሪ ሻጭ መክፈል ይችላል፣ በቂ ጥሬ ገንዘብ ካለው። ከዚያ በላይ እስከ 5,000 የሚከፍሉ ኤክስካፕ የሚባል ፈቃድ ያላቸው ሱቆች አሉ። ከ5,000 በላይ ሲሆን 24 በመቶ የፌዴራል ታክስ እዚያው ይቆረጣል፣ የስቴቱም ይጨመርበታል። ዕጣው ከወጣ 182 ቀን ካለፈ ቲኬቱ ዋጋ የለውም። ሜሪላንድ ላይ የደረሰው ሰው ስሙ እንዳይገለጽ መጠየቅ ይችላል፤ የወገን ወሬ ለሚያሳስበው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የብርሃን እናት፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ኮምቦውን በ50 ሳንቲም መቁረጥ ይቻላል? 6 ዶላር ለኔ በዛ። ደግሞ ባለቤቱ ማነው፣ የግል ድርጅት ነው?

ሒሳቡ ይናገር፦
ይቻላል። ለ3-5-8 ሦስት ዶላር፣ ለ4-4-7 አንድ ዶላር ከ50 ያስወጣል፤ ሁለቱም 250 ይከፍላሉ። በእጅሽ 50 ሳንቲም ብቻ ካለ ግን ኮምቦ አይገኝም፣ ቦክስ ነው። እንደ 7-7-7 ያለ ሦስቱም አንድ የሆነ ቁጥር ቦክስም ኮምቦም የለውም፣ ስትሬት ብቻ።

ባለቤቱ የሜሪላንድ መንግሥት ነው፤ ከ1973 ጀምሮ የሚሠራ። ትርፉ ወደ ስቴቱ ጠቅላላ ካዝና ይገባና ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለጸጥታ ይውላል። ለመቁረጥ 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው። የጠፋውን ለማስመለስ እየጨመረ የሚቆርጥ ሰው በቤትሽ ካለ የስቴቱ የእርዳታ መስመር ቲኬቱ ላይ አለ፤ ለሱ ከቦክስና ኮምቦ ሒሳብ ይልቅ ያ ስልክ ይሻለዋል።