ጣና ዳር የሲጋር ቤት ይከፈት? የግሩፓችን ክርክር

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ አባላችን “ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የሲጋር ቤት ልከፍት አስቤያለሁ፣ ምን ትላላችሁ?” ብሎ ጠይቆ ነበር። ብዙዎቻችሁ ሲጋር፣ ማለትም በትምባሆ ቅጠል የሚጠቀለለውን ወፍራም ማጨሻ፣ በዓይናችሁ አይታችሁ እንደማታውቁ ጻፋችሁ። እኔም እስከ አምና ክረምት አላውቅም ነበር። እህቴን ልጠይቅ አሜሪካ፣ ታምፓ ሄጄ ነው ያየሁት። እሱን ልንገራችሁና እንከራከር።

የወሰደኝ የእህቴ ባል ነው። ሱቁ የአንድ ቤተሰብ ነው። አባትየው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፣ ልጃቸው ትሸጣለች። “አጫሽ አይደለሁም፣ ለማየት ነው የመጣሁት” አልኳት። ፊቷ አልተቀየረም። ስንት ብር እንደያዝኩ አልጠየቀችኝም። “ምሳ በልተሃል?” ነው ያለችኝ። ለካ በባዶ ሆድ የተጨሰ ሲጋር ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል። እናቴ ለእንግዳ የምታቀርበውን ጥያቄ ባሕር ማዶ ሰማሁት።

ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባችኝ። እርጥበቱ 70 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ክፍል ነው። ሲጋር ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ከረጠበ ይሻግታል። አንዱን አንስታ አሳየችኝ። እንደ ሲጋራ ወረቀት የለውም፣ ሁሉም ቅጠል ነው። መሃሉን የሚሞላ ቅጠል አለ፣ እሱን የሚይዝ ሌላ ቅጠል አለ፣ ከላይ ደግሞ ስስና ያማረ ቅጠል ይጠቀለልበታል። ለእኔ የመረጠችልኝ የላይኛው ቅጠሉ ኮኔቲከት በሚባል የአሜሪካ ግዛት በጥላ ሥር ያደገውን ነው። ለጀማሪ ይቀላል አለችኝ። ጭሱን ወደ ሳንባ አትሳበው፣ አፍህ ውስጥ ያዘውና ልቀቀው፣ በደቂቃ አንዴ ይበቃል አለችኝ። አንዱን ስጨርስ አንድ ሰዓት አለፈኝ።

ሽማግሌው ደግሞ ስለ ድሮዎቹ የታምፓ ፋብሪካዎች አወሩኝ። ሠራተኛው ሲጋር ሲጠቀልል፣ አንድ አንባቢ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣና ልብወለድ ያነብለት ነበር። ለአንባቢው የሚከፍሉት ሠራተኞቹ ናቸው፣ ከኪሳቸው አዋጥተው። ልማዱ እ.ኤ.አ. በ1865 ኩባ ውስጥ የተጀመረ ነው። ታምፓ ላይ ግን በ1931 ባለፋብሪካዎቹ “ሠራተኛውን በፖለቲካ ያነሳሳሉ” ብለው አንባቢዎቹን አስወጧቸው። እኛ የቅኔ አገር ልጆች ነን። በጆሮ የመማርን ነገር እናውቀዋለን። እዚያ ቁጭ ብዬ ይሄን ስሰማ ውስጤ ተነካ።

ያም ሆኖ አቋሜ ይሄ ነው፦ ባሕር ዳር እንዲከፈት አልፈልግም። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ እናንተን ልስማ።

ጣና ዳር፦
ሐሳቡ የእኔ ነው። ወንድሜ፣ የጻፍከው ሁሉ እኮ ለእኔ ነው የሚመሰክረው! እኔም የማስበው እንደዚያ ዓይነት ቤት ነው። ከባለቤቴ ጋር ሆነን ነው የምንሠራው። ለቱሪስትና ለአዋቂ ሰው ነው። አረቄ በየመንደሩ ይሸጣል። ጫት በከተማችን ዙሪያ ይመረታል፣ በአደባባይ ይሸጣል። እኔ ላይ ሲደርስ ምን አዲስ ነገር መጣ?

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ ሐሳብህን በግልጽ ስላቀረብክ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልበል።

“ወደ ሳንባ ስለማይሳብ አይጎዳም” የሚባለው ነገር ያስፈራኛል። የሲጋር ጭስ ኒኮቲን በአፍ ውስጥ ቆዳ በኩል በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። ትልቅ ሲጋር የአንድ ሙሉ ፓኬት ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰር ያመጣል። በፊደል ብትለዩትም ሲጋርም ሲጋራም ያው ትምባሆ ነው።

ሁለተኛው ሕጉ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሰው በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። ሆቴልም ሬስቶራንትም ቢሆን። ዕድሜው 21 ላልሞላው መሸጥ አይቻልም። ትምባሆ ማስተዋወቅም አይቻልም። ታዲያ ሰው ተቀምጦ የሚያጨስበትን ቤት እንዴት አድርገህ ነው የምትከፍተው?

ዳንግላ፦
እህቴ፣ ያልሽው የጤና ነገር ልክ ነው። እኔን ያልተመቸኝ ትምባሆን የፈረንጅ ነገር ማስመሰሉ ነው። አያቴ ሱረት ትስብ ነበር። በመቀነቷ ቋጥራ ይዛ ነው የምትዞረው። ጎረቤታችን የነበሩት አዛውንት ጋያ ያጨሱ ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ በሚያጨስና ሱረት በሚስብ ሰው ላይ ከባድ ቅጣት ጥለው እንደነበር ታሪክ ይናገራል። የሚቀጣ ሰው ባይኖር ቅጣቱ ለምን መጣ? ድሃዋ አያቴ ስትስብ ማንም ክርክር አልከፈተም። ሀብታም ሲመጣ ነው እንዴ የምንነቃው?

ነርሷ፦
አያትህን ነፍሷን ይማር። እሷን ማንም አልመከራትም። “ምሳ በልተሻል?” ያላትም የለም። እኔ ዛሬ የምናገረው ለዚያ ነው።

መምህር፦
ልጆቼ፣ እኔ 31 ዓመት አስተምሬያለሁ። የእምነቱን ነገር ለካህናት እተወዋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ትምባሆን እንደማትወድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የእኔ ሐሳብ ተማሪው ነው። ልጅ የሚመኘው የከበረ የሚመስለው ሰው የያዘውን ነው። ሱረት የምትስብ ባልቴት አይቶ ሱረት የጀመረ ተማሪ አላጋጠመኝም። ሱፍ ለብሶ፣ ጣና ዳር እግሩን አነባብሮ ሲጋር የያዘን ሰው ግን ያየዋል። ገንዘቡ ስለሌለው ሲጋሩን አይገዛም። ሲጋራ ይገዛል።

ጣና ዳር፦
ጋሼ፣ ይሄኛው ከበደኝ። አላሰብኩበትም ነበር።

የማርቆስ ልጅ፦
ጋሼ ከተናገሩ በኋላ መጻፍ ያስፈራል፣ ግን ቃል ገብቻለሁ።

ታምፓ የቆየሁት ሦስት ሳምንት ነው። እዚያ ቤት አራት ጊዜ ሄድኩ። የመጀመሪያውን ቀን የወሰደኝ የእህቴ ባል ነው። አራተኛውን ቀን ማንም አልወሰደኝም። ብቻዬን በአውቶቡስ ሄድኩ። ልጅቷ ስሜን ይዛዋለች። አባትየው ወንበር ሳቡልኝ። ከዚያ በፊት በሕይወቴ አጭሼ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ሻጩ ፊቱን አጥቁሮ ቢቀበለኝ ኖሮ አንዴ አይቼ እወጣ ነበር። የመለሰኝ ደግነታቸው ነው። ሰዎቹ ምንም አላታለሉኝም፣ ዛሬም እወዳቸዋለሁ። ግን እንደዚያ ያለ እንግዳ ተቀባይነት ከትምባሆ ጋር ሲገናኝ ያልጀመረውን ሰው ያስጀምራል። በእኔ ላይ አየሁት።

ስመለስ ሦስት ሲጋር በሻንጣዬ ይዤ ነበር። ደብረ ማርቆስ ቤታችን እናቴ ልብሴን ስታወጣ አገኘቻቸው። አሸተተቻቸውና “ይሄ ደግሞ ምንድነው ልጄ?” አለችኝ። ለሁላችሁም እዚህ ስለ እርጥበቱና ስለ ቅጠሉ የጻፍኩ ሰውዬ፣ ለእሷ የምላት ቃል አጣሁ።

ጣና ዳር ወንድሜ፣ አንተን አውቅሃለሁ። ቤትህ የገባ ሰው ተመልሶ ይመጣል። የምፈራው እሱን ነው።

ጣና ዳር፦
አነበብኩት። ማጨሻ ክፍሉን ትቼዋለሁ፣ እህታችን እንዳለችው ሕጉም አይፈቅድም። ሸጦ የመሸኘቱን ነገር ግን ገና አልወሰንኩም። ቤቱን ተከራይቼዋለሁ፣ ቀብድ ከፍያለሁ። ለባለቤቴ የእናትህን ነገር አነበብኩላት፣ ዝም አለች። ቅዳሜ ማርቆስ እመጣለሁ። ቡና እየጠጣን እናውራው፣ ጋሼም ይምጡልን።

ነርሷ፦
ቅዳሜ ተረኛ ነኝ። እሑድ አድርጉትና እኔም ልምጣ።