ከቱሉ ዲምቱ ሐዋሳ በሳይክል፦ የትኛውን የጎን ቦርሳ ልያዝ?

የቱሉዲምቷ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ጥር ላይ የአንድ ሳምንት ፈቃድ አለኝ። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቼ በአሮጌው መንገድ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ እያልኩ ሐዋሳ ድረስ በሳይክል ልሄድ ነው። በአራት ቀን ለመግባት አስቤያለሁ፤ ስመለስ ሳይክሉን አውቶቡስ ላይ አስጭኜ እመጣለሁ። የፍጥነት መንገዱ ከደጄ ቢጀምርም ለሳይክል አይፈቀድም፤ ስለዚህ እስከ ሞጆ ከከባድ መኪና ጋር መጋፋቴ አይቀርም።

ሳይክሌ ያገለገለ ባለ 26 ማውንቴን ነው። የፊት ሹካው ሞላ አለው። ከኋላ ጎማው መሃል አጠገብ ፍሬሙ ላይ ግራና ቀኝ የብሎን ቀዳዳ አለ፣ ከኮርቻው ሥርም እንዲሁ። ፖርቶመጋላ (ከኋላ ጎማው በላይ የሚታሰር የዕቃ መጫኛ ብረት) ግን የለውም።

እስካሁን ዕቃ የምይዘው በጀርባዬ ነበር። ባለፈው ወር ለልምምድ ቢሾፍቱ ደርሼ ስመለስ፣ 7 ኪሎ የማይሞላ ዕቃ ትከሻዬን ቆረጠኝ። ጀርባዬ በላብ ርሶ ዱከም ላይ ነፋሱ ሲያገኘኝ ብርድ ብርድ አለኝ። ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው፤ ከኋላ የሚመጣ መኪና ለማየት ዞር ስል ቦርሳውም አብሮኝ ይዞርና ሳይክሉን ወደ አስፋልቱ መሃል ይስበዋል። ያን ቀን ነው ክብደቱ ከእኔ ላይ ወርዶ ሳይክሉ ላይ መሆን እንዳለበት የወሰንኩት።

የታዩኝ ሦስት መንገዶች ናቸው። ወንድሜ ጀርመን ነው የሚኖረው፤ ለገና ሲመጣ ኦርትሊብ የሚባለውን ጥንድ የጎን ቦርሳ ላምጣልሽ ብሎኛል። ዋጋውን ወደ ብር ስመልሰው ከወር ደመወዜ ይበልጣል፤ እሱ ቢከፍለውም ለእኔ ከበደኝ። ሁለተኛው ከተማ ውስጥ ያየሁት ርካሽ ጥንድ ቦርሳ ነው፤ ሁለቱ በጨርቅ የተያያዙ ናቸው፣ ከላይ ጣል ይደረግና በግራና በቀኝ ይንጠለጠላል፣ መዝጊያው ዚፕ ነው። ሦስተኛው ቃሊቲ የመኪና ሸራ የሚሰፋ ሰው አግኝቶ ማስሰፋት።

አንድ ነገር ልጨምር። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሳይክሉን ተሸክሜ ነው የምወጣው። ቦርሳው ቶሎ የማይነቀል ከሆነ በየቀኑ መከራዬ ነው። ለመንገድ የምይዘው ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ሹራብ፣ ፓምፕ፣ ሁለት ከመነዳሪ፣ መፍቻዎች፣ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ውሃ ነው። ድንኳን አልይዝም፣ ማደሪያዬ ፔንሲዮን ነው።

የኋላ ጥንድ ብቻውን ይበቃል? በጥር ውሃ የማያስገባ ቦርሳ ያስፈልጋል?

ባለሰማያዊው፣ ለቡ

እህቴ፣ ወንድምሽ ያምጣልሽ። እኔ ኦርትሊቡን ከያዝኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው፤ በክረምት ሰበታ ስመላለስ ውስጡ ያለ ወረቀት ረጥቦብኝ አያውቅም። ጥንዱ 40 ሊትር ይይዛል፣ ባዶውን 2 ኪሎ አይሞላም። አፉ ዚፕ የለውም፤ ሦስቴ ጠቅልለሽ ትቆልፊዋለሽ። በጥር ዝናብ ላያገኝሽ ይችላል፣ ከመቂ ወዲያ ያለውን አቧራ ግን አስቢው። ያ ደቃቅ አፈር የገባበት ዚፕ ሳይውል ሳያድር ነው የሚበላሸው።

ፎቁን በተመለከተ፣ የላይኛውን እጀታ ወደ ላይ ስትስቢ መንጠቆዎቹ ራሳቸው ይከፈታሉ፤ መልሰሽ ስታስቀምጪው ይቆለፋሉ። በአንድ እጅ ያልቃል።

ሦስተኛውን አማራጭሽን ግን አልንቀውም። የኦርትሊብ ድርጅት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። መሥራቹ እንግሊዝ አገር በዝናብ ሳይክል ሲነዳ፣ በሸራ የተሸፈነ የጭነት መኪና አይቶ የመጀመሪያ ቦርሳውን ከዚያው ከመኪና ሸራ ሰፋ። ዛሬ የሚሠሩት ልዩነቱ መገጣጠሚያው በመርፌ አለመሰፋቱ ነው፤ በሙቀት ነው የሚጣበቀው፣ ስለዚህ ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

የማልወድለት ነገር ቢኖር የውጭ ኪስ የለውም፤ ብርቱካን ለማውጣት ሁሉን መበርበር ነው። እርጥብ ልብስም ከዘጋሽበት ሲነጋ እንደረጠበ ታገኚዋለሽ።

ወተት አመላላሹ፣ ሰንዳፋ

ልጄ፣ ስለ ቦርሳ ጠየቅሽ፣ እኔ ግን ከፖርቶመጋላው ልጀምር። ለአምስት ዓመት ከሰንዳፋ ወደ ለገጣፎ በሳይክል ወተት አመላልሻለሁ፤ በግራ 20 ሊትር፣ በቀኝ 20 ሊትር፣ በቢጫ ጄሪካን። አንቺ ያን ያህል አትጭኚም። ጭነት ከጎን ሲሰቀል ሳይክል ምን እንደሚሆን ግን አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ከሱቅ የገዛሁት የአሉሚኒየም ነበር። ላዩ ላይ 25 ኪሎ ይላል፤ እኔ ከዚያ በላይ ጭኜ በሦስተኛው ወር እግሩ ከመገጣጠሚያው ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የኔ ነው። ያንን ለማስበየድ ሦስት ቤት ዞርኩ፣ አሉሚኒየም የሚበይድ አጣሁ። ብረት ቢሆን ኖሮ መንገድ ዳር ያለ ማንም በያጅ በግማሽ ሰዓት ያቆመው ነበር። ሐዋሳ ድረስ ስትሄጂ ዱከምም ሞጆም መቂም በያጅ አለ፤ ብረት ያዢ የምልሽ ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ በ8 ሚሊ ፌሮ አሠራሁ። ሦስት ሜትር ተኩል በቂ ነው፤ የ8 ሚሊ ፌሮ አንድ ሜትሩ 400 ግራም ስለማይሞላ ጠቅላላው ከአንድ ኪሎ ተኩል አያልፍም። አንድ ችግር አለው፤ ፌሮ እንደምታውቂው ጥርስ ጥርስ አለው፣ መንጠቆ የሚያርፍበትን ቦታ በሞረድ ካላለሰለስሽው የፕላስቲክ መንጠቆን ይበላዋል። ሞርደሽ ቀለም ቀቢው፣ ከቀለሙ በላይ ናስትሮ ጠምጥሚበት።

ፍሬምሽ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ባለ 5 ሚሊ ብሎን የሚገባባቸው ናቸው። እያንዳንዱ ብሎን ሥር ሮንዴላ አድርጊ፣ ከወዲያ በኩል ቦታ ካለ ደግሞ ውስጡ ፕላስቲክ ያለው ዳዶ እሰሪበት፣ እሱ በንዝረት አይላላም። ሁለት ትርፍ ብሎን ከገንዘብሽ ጋር አስቀምጪ። አንድ ጠዋት ያለ አንድ ብሎን ተነስቼ፣ ለገጣፎ ሳልደርስ ፖርቶመጋላው ጎማው ላይ ተቀመጠ፤ የአንድ ቀን ወተት አስፋልት ጠጣው።

አሁን ወደ ቦርሳው። ያ በጨርቅ የተያያዘውን አትግዢ። ጀርባው ላይ ጠንካራ ነገር ስለሌለው ሲሞላ ወደ ውስጥ ያብጥና ከጎማው ሽቦ ጋር ይነካካል፤ ሽቦ ውስጥ ከገባ ደግሞ ጎማውን ነው የሚያቆመው። ከኋላሽ ከባድ መኪና እየመጣ ጎማ ሲቆም ማሰብ አልፈልግም።

ሚዛን። አባቶቻችን አህያ ሲጭኑ አንዱ ጎን ከቀለለ ድንጋይ ጨምረው ነው የሚያስተካክሉት። እኔ መጀመሪያ ለገጣፎ መግቢያ ላለ ደንበኛ የግራውን አራግፌ በቀኙ ብቻ ስቀጥል መሪውን መያዝ አቃተኝ፤ በኋላ ከሁለቱም እኩል መቅዳት ጀመርኩ። ቦርሳዎችሽን ሞልተሽ በእጅሽ አንሺያቸው፤ ልዩነቱን እጅሽ ካወቀው ሳይክሉም ያውቀዋል። ከባዱን ዕቃ ከታች፣ ወደ ጎማው መሃል አስጠጊ። ልብስና ሹራብ ላይ ይሁን።

የኋላ ጥንድ ብቻ ይበቃል ወይ ላልሽው፣ ለዚህ ዕቃ ይበቃል። ሁሉ ከኋላ ሲሆን ግን ዳገት ላይ የፊት ጎማ ይቀልልና መሪው ይዋልላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ውሃውን ፍሬሙ መሃል እሰሪ፣ መፍቻውንም እዚያው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ ከመቂ ወዲያ ደግሞ ሞቃት ስለሆነ ሦስት አራት ሊትር መያዝሽ አይቀርም። ሞላ ያለው ሹካ ላይ የፊት ፖርቶመጋላ ለማሰር አትድከሚ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ተረከዝሽ። እንዳንቺ ዓይነት ሳይክል ከፔዳሉ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት አጭር ነው፣ ቦርሳው ወደ ፊት ከቀረበ በእያንዳንዱ ዙር ተረከዝሽ ይመታዋል። ፖርቶመጋላውን ከማሠራትሽ በፊት ለኪው። ደግሞ መንጠቆ ከላይ ብቻ አይበቃም፤ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲነጥር ይወልቃል። ከታች በከመነዳሪ ቁራጭ ወጥረሽ ከፖርቶመጋላው እግር ጋር እሰሪው።

የቱሉዲምቷ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ዘርዝረው ይነግሩኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ወተትዎ በመፍሰሱ በጣም አዘንኩ።

እንዳሉኝ ለካሁ። ጫማዬን አድርጌ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሳዞር ከተረከዜ እስከ ኋላ ጎማው መሃል 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ማለት 30 ሴንቲ ስፋት ያለው ቦርሳ ጎማው መሃል ላይ እኩል ቢሰቀል፣ ተረከዜ 3 ሴንቲ ያህል ይገባበታል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ መገፋት አለበት። ልክ ነኝ?

የሸራውን ነገር ባለሰማያዊው ከነገረኝ ወዲህ ልቤ ወደ ማስሰፋቱ አደላ። የሚያሳስበኝ መንጠቆው ነው። ያ በአንድ እጅ የሚነቀለው ዓይነት እዚህ የሚሠራልኝ አላገኘሁም።

ባለሰማያዊው፣ ለቡ

እንዴት አስቀድሜ አልነገርኩሽም! መንጠቆው ለብቻው እንደ መለዋወጫ ይሸጣል። የእኔ አንዱ ሲሰበር ያን ብቻ ነው ያስመጣሁት። የሚታሰርበት የፕላስቲክ ሐዲድ አለው፣ በብሎን ጀርባው ላይ ይገጠማል። እስከ 16 ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት ይነክሳል፣ ለቀጭኑ ደግሞ ማጥበቢያ ይገባለታል፤ የጋሼ 8 ሚሊ ፌሮ ልኩ ነው። ወንድምሽን ሁለት ሐዲድ ከነመንጠቆው እንዲያመጣ ንገሪው፤ ኪሱ ውስጥ ይገባል።

ሸራ ሰፊ፣ ዓለም ገና

የጭነት መኪና ሸራ ነው የምሰፋው፣ እንዲህ ዓይነት ቦርሳ ለሁለት ልጆች ሠርቻለሁ። ለሰፊሽ ይህን ንገሪው።

ስፋት 30፣ ቁመት 40፣ ጥልቀት 17 ሴንቲ አንዱን ቦርሳ 20 ሊትር ያደርገዋል። ለመጠቅለያ ከላይ 25 ሴንቲ ትርፍ ይተው። በተረከዝሽ በኩል የታችኛውን ጥግ ሰያፍ አድርጎ ይቁረጠው፣ ጥቂት ሊትር ብታጪም እግርሽ ነፃ ይሆናል። ክሩ ናይለን ይሁን፤ ጥጥ ክር ውሃና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ይበሰብሳል።

ለጀርባው ጠንካራ ነገር ባለ 20 ሊትር የዘይት ጄሪካን ጎኑን ቆርጣችሁ ተጠቀሙ። አይሰበርም፣ አይዝግም፣ ክብደት የለውም። የመንጠቆው ብሎን በሸራውም በጄሪካኑም ያልፋል፤ ከውስጥ በኩል ሰፋ ያለ ሮንዴላ ካላደረገበት ግን ሸራውን ይቀደዋል። ያመጡልኝ ቦርሳ የተበላሸው ሁሉ እዚያ ጋ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ በመርፌ የሰፋሁት ሸራ ዶፍ ሲመጣ በስፌቱ ያስገባል። ማስቲሽ ቀብቼበትም አስገብቷል። የማዳበሪያ ጆንያ ውስጠኛውን ላስቲክ በደንብ አጥበሽ ውስጡ ክተቺ፣ ዕቃሽን እሱ ውስጥ አድርገሽ አፉን ጠምዝዢው። ለሸራው ደማቅ ቀለም ምረጪ፣ ቢጫ ወይም ብርቱካን፤ ከኋላ የሚመጣ ሹፌር ከሩቅ ይይሽ።

ወተት አመላላሹ፣ ሰንዳፋ

ስሌትሽ ልክ ነው ልጄ። ቦርሳው ወደ ኋላ ይገፋ፤ ሰፊው እንዳለው ጥጉን ካስቆረጥሽ ደግሞ እግርሽ ይበልጥ ነፃ ይሆናል። ሲበየድ አንቺም እዚያው ቁሚ፣ ሳይክሉን ይዘሽ ሂጂ። በቃል ልኬት ያሠራ ሰው ሁለቴ ነው የሚከፍለው።

የቱሉዲምቷ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ፖርቶመጋላው አልቋል፣ ገላን ያለ በያጅ ሠራልኝ፤ 1 ኪሎ ከ600 መዘነ። ቦርሳዎቹ ብርቱካን ሸራ ናቸው፣ ቃሊቲ ተሰፍተዋል፣ የሚጠብቁት መንጠቆውን ነው። ወንድሜ አዝዞ ደርሶታል፣ ለገና ይዞት ይመጣል።

እስከዚያ ለመሞከር እሑድ ጠዋት ሁለት ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ውሃ ሞልቼ ግራና ቀኝ አስሬ ቢሾፍቱ ደርሼ መጣሁ። ዞር ብዬ መኪና ሳይ ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ቁልቁለት ላይ ግን ለመቆም ከወትሮው ብዙ ርቀት ፈጀብኝ፤ የፍሬን ሸራውን ሳየው አልቋል፣ ከጉዞው በፊት የፊቱንም የኋላውንም አስቀይራለሁ። ቤት ስደርስ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሞከርኩ፣ የግራው የታችኛው ሩብ ዙር ላልቶ ነበር። እሱን ዳዶ ለማሰር ከወዲያ በኩል ቦታ የለውም፣ ሰንሰለቱ የሌለበት ጎን ቢሆንም ፍሬሙ ዝግ ነው። ጋሼ፣ ለእንደዚህ ዓይነቱ ምን ያደርጉ ነበር?

ወተት አመላላሹ፣ ሰንዳፋ

ብሎኑን አውጥተሽ ጥርሱን በደንብ አጽጂው፣ ቅባት አይኑርበት። ፋርማሲ ሳይሆን የመኪና መለዋወጫ ቤት ሄደሽ የብሎን ማጣበቂያ በይ፣ ሰማያዊውን። ቀዩን አትውሰጂ፣ እሱ ያለ እሳት አይፈታም። አንዲት ጠብታ አድርገሽ አጥብቂውና እስከ ነገ አትንኪው። ከዚያ ብሎኑና ፍሬሙ ላይ በጥፍር ቀለም አንድ መስመር አስምሪ፤ ጠዋት ጠዋት መስመሩ ከተዛነፈ መላላቱን መፍቻ ሳታወጪ ታያለሽ።