በደላላ ጋብቻ ላይ የሚያስቅ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ይሠራ ወይስ አይሠራ?

የክርክሩ መነሻ፦ ወንዱ ከድርጅት ዝርዝር መርጦ፣ ተጻጽፎና ከፍሎ የሌላ አገር ሴት ያገባል። ይህን ጋብቻ ፍቅር፣ ግድያና ሳቅ የተቀላቀለበት ፊልም ማድረግ ተገቢ ነው?

ስክሪፕት ጸሐፊው፦
ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ታሪኩ ሰዓቱን ይዞ ነው የሚመጣው። አሜሪካ በእጮኛ ቪዛ የገባች ሴት በ90 ቀን ውስጥ መጋባት አለባት፤ ቀኑ አይራዘምም። በዚያ ቪዛ ግሪን ካርድ የምታገኘውም ያመለከተላትን ሰው ካገባች ብቻ ነው፤ ሌላ ወንድ ብትወድ መንገዱ ይዘጋባታል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር እየተጠራጠሩ ቀን ይቆጥራሉ። ሳቁ ከጥርጣሬው ይወጣል፤ እሷ የሠራችውን ሾርባ እሱ ቀድሞ ለድመቱ ሲያቀምስ፣ እሷ ደግሞ በበሩ ስንጥቅ ስታየው።

አርታኢዋ፦
ሾርባው ላይ ነው የምንጣላው። ለምንድን ነው መርዙን የምንጠረጥረው ከእሷ? ካሜራው ከእሱ ጋር አየር ማረፊያ ቆሞ ስለሚጠብቃት ነው። እሱ ቤት፣ ጎረቤትና ያለፈ ታሪክ አለው፤ እሷ ሻንጣ ብቻ። ስለዚህ መሃል ላይ «ለካ አታላይ ናት» ማለት ለጸሐፊ በጣም ይቀለዋል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 አንዲት ቬትናማዊት ሙሽራ በገባች በሳምንቷ በባሏ ተገደለች። የአእምሮ ሕመም እንደነበረበት ደላላው አልነገራትም ነበር። ደላሎች የጤናና የወንጀል ማስረጃ ለሁለቱም ወገን እንዲያቀርቡ የሚያስገድደው የሕግ ማሻሻያ ሥራ ላይ የዋለው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በሾርባው ለመሳቅ ይቸገራል።

የኢሚግሬሽን ጠበቃው፦
ሁለታችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። እንዲህ ያሉ ስክሪፕቶች ውስጥ ባልየው «አንድ ስልክ ብደውል ትባረሪያለሽ» ይላል፣ ሚስቲቱም ዝም ትላለች። ከሠርጉ በኋላ ይህ ባዶ ማስፈራሪያ ነው። ባሏ አሜሪካዊ ከሆነና የምትደበደብ ከሆነ እሱ ሳያውቅ በራሷ ስም ማመልከት ትችላለች፤ መሥሪያ ቤቱም ጉዳዩን ለባልየው አይነግርም። አደገኛው ጊዜ ከሠርጉ በፊት ያለው ነው፤ የሚስትነት ጥበቃው ገና አልጀመረም። ፍርሃቱን እዚያ አድርጉት እንጂ ከሠርጉ በኋላ አትጎትቱት።

ባልየው ስፖንሰር ሆኖ እሷን በገንዘብ ለመደገፍ የሚፈርመው ውልም አለ። በፍቺ አይቋረጥም። የሚያበቃው እሷ ዜግነት ስታገኝ፣ 40 ሩብ ዓመት (አሥር ዓመት ያህል) የሥራ ክፍያ ሲቆጠርላት፣ መኖሪያ ፈቃዷን ትታ አገር ለቃ ስትወጣ፣ አለዚያ ከሁለት አንዳቸው ሲሞቱ ነው።

ስክሪፕት ጸሐፊው፦
እሰይ! የግድያውን ምክንያት አገኘን። የሕይወት ኢንሹራንስ ከእንግዲህ አያስፈልገንም። ሰውየው ገንዘብ ቆጣቢ ነው፤ ፍቺ እንደማያላቅቀው ከጠበቃው ቢሮ ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል። እሷ ደግሞ ያንኑ ውል በቋንቋዋ አስተርጉማ አንብባዋለች።

አርታኢዋ፦
አሁን ተሻለ፤ አደጋው ከእሱ መጣ። ግን አንባቢው ይህን በገጽ 80 ቢያውቀው ዋጋ የለውም። የ110 ገጽ ስክሪፕት ከሆነ እስከ ገጽ 25 ድረስ እሷ ብቻዋን የምታደርገውን ቢያንስ ሁለት ትዕይንት እንይ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ የሚያስቅ መስመር ካለ አውጡት። እሷ በራሷ ቋንቋ ስትናገር ፈጣንና ተናካሽ ትሁን፤ ግርጌ ጽሑፉን ተመልካቹ ያንብብ፣ ባልየው ብቻ ሳይገባው ይቅር።

የዘጋቢ ፊልም አጥኚዋ፦
ደላላውንስ ለምን ረሳችሁት? በብዙ አገናኝ ድርጅቶች ወንዱ የሚከፍለው በደብዳቤ ቁጥር ነው፤ ለመላክም፣ ለማንበብም፣ ለማስተርጎምም። ደብዳቤ በበዛ ቁጥር ስለሚተርፋቸው ሴትየዋ ዝም ካለች ሠራተኛ በስሟ የሚጽፍባቸው አሉ። ወንዱ ወር ሙሉ ያፈቀረው ጸሐፊውን ሊሆን ይችላል። ኮሜዲውን ከዚህ አውጡት፤ ጥፋቱ የድርጅቱ ስለሆነ ማንም ተጎጂ አይሳቅበትም።

ሕጉንም በትክክል አስገቡት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ደላላ የሴትየዋን አድራሻ ከመስጠቱ በፊት የወንዱን ስም በወሲብ ወንጀለኞች መዝገብ ማጣራት፣ ውጤቱን በቋንቋዋ መስጠትና የተፈረመ ፈቃዷን መቀበል አለበት። ዋና ሥራው በአገሮች መካከል ማጋባት ያልሆነና ከወንድም ከሴትም ተመሳሳይ ዋጋ የሚያስከፍል የመተዋወቂያ ድርጅት ግን ከሕጉ ውጪ ነው። ፊሊፒንስ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1990 ከልክላ፣ በ2016 በኢንተርኔት የሚደረገውንና ወንዶችንም ጨምራለች። ክፉ ገጸ ባህሪ ከፈለጋችሁ ወረቀቱን በማታነበው ቋንቋ አቅርቦ የሚያስፈርማት የቢሮ ሰው አለላችሁ።

ጠበቃው፦
በዚያ ላይ ተጋብተው ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የምታገኘው ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ነው። ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ፣ በመደበኛው መንገድ፣ አብረው ያመለክታሉ። ሊገዳደሉ የሞከሩ ሁለት ሰዎች የጋራ የባንክ ሒሳብና የእረፍት ፎቶ ሲያደራጁ ይታያችሁ።

አርታኢዋ፦
ይህንን ትዕይንት ስቄ እቀበለዋለሁ፤ ሁለቱም እኩል ተጠምደዋልና። አሁንም የምቃወመው ማስታወቂያውን ነው። የሁለት ደቂቃው ቅንጭብ እሷን ቢላ አስይዞ ካወጣት፣ እኛ በ110 ገጽ የሠራነውን ብዙ ሰው አያየውም። ስለዚህ ጸሐፊው ስክሪፕቱን ሲሸጥ በፖስተሩና በቅንጭቡ ላይ የመምከር መብት በውሉ ይጻፍለት። ፕሮዲዩሰሩ እምቢ ካለ፣ በእኔ በኩል ይህ ፊልም አይሠራ።