ለአባቴ ስቴንት ተብሏል፤ ስንት ብር ይዘን እንውጣ?

የሐይቁ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ስድሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የምንኖረው ሐይቅ ነው። ከመስጊድ ሲመለስ ዳገቱ ላይ ደረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ቆም ብሎ ሲያርፍ ይለቀዋል። ደሴ ወስጄው ኢሲጂና ኢኮ የሚባሉትን የልብ ምርመራዎች ከተነሣ በኋላ የልብ ደም ስሩ ሳይጠብ አይቀርም ተብሎ፣ አንጂዮግራፊ (ደም ስሩ ቀለም ገብቶበት በራጅ የሚታይበት ምርመራ) እንዲነሣ፣ ካስፈለገም ስቴንት (የጠበበውን ደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) እንዲገባለት ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈለት። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ የተለያየ ዋጋ ይነግረኛል። አጎቴ በሬዎቹን እንሽጥ ይላል፤ የቅሬያችን (የዕድራችን) ሰዎችም እናዋጣለን ብለዋል፤ ግን ስንት ብዬ ልንገራቸው? ደረቱ ይቀደዳል ወይ? ስንት ቀን ይተኛል? ስኳርም አለበት። እሱን ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ያስጨነቀው ጫቱን ይከለክሉት እንደሆነ ነው።

ጡረተኛዋ ሒሳብ ሹም፣ ደሴ፦
ልጄ፣ አላህ ያሽርልህ። ባለቤቴ ሁለት ስቴንት ገብቶለት ዛሬም ሰኞ ገበያን በእግሩ ያዳርሳል። እሱ ሲታከም ደረሰኝ እየተከታተልሁ የቆየሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ስለ ገንዘቡ ልንገርህ።

በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር መሆኑን ዕወቅ። ከዚያ አልፎ አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር የሚነግርህን አትመን። ስቴንቱ በውጭ ምንዛሬ የሚገባ ዕቃ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከዚያ በፊት የታከመ ሰው የከፈለው ለአንተ መለኪያ አይሆንህም። በዚያ ላይ ስንት ስቴንት እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው አባትህ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ፣ ቀለሙ በደም ስሩ ገብቶ በስክሪኑ ሲታይ ነው። ያኔ ሐኪሙ ብቅ ብሎ «ሁለት ነው፤ እንቀጥል?» ይልሃል። እዚያ በር ላይ ቆሞ ዋጋ የሚከራከር ሰው አላየሁም።

ስለዚህ አስቀድመህ ከሁለት ወይም ከሦስት ሆስፒታል በጽሑፍ ፕሮፎርማ አውጣ። አንጂዮግራፊው ብቻ ቢሆን ስንት፣ ከአንድ ስቴንት ጋር ስንት፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ስቴንት ስንት እንደሆነ ለየብቻ ይጻፉልህ። ባሉኑ (ደም ስሩን ለማስፋት የሚነፋው)፣ ሽቦው፣ ቀለሙ፣ የሐኪሙ ክፍያና የክትትል ክፍሉ አልጋ ገብተው እንደሆነ ጠይቅ። እኛ በታከምንበት ሆስፒታል ሒሳቡ ሲመጣ «ልዩ ልዩ ዕቃ» የምትል አንዲት መስመር ከአልጋው ኪራይ በልጣ ተቀምጣለች። ዝርዝሩን ካላየሁ አልፈርምም አልኋቸው። ገንዘብ ተቀባይዋ ተቆጣች፤ እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ዝርዝሩ ሲመጣ አንዱ ባሉን ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ተገኘና ተቀነሰልን። ክፉ ሰዎች ናቸው አልልም፤ ሒሳብ የሚያየው ሰው ከሌለ ግን ወደ ላይ ማበጥ ይወዳል።

ደረቱ አይቀደድም። አብዛኛውን ጊዜ በእጅ አንጓ፣ አለበለዚያ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ የሚደነዝዘው የሚወጋበት ቦታ ብቻ ስለሆነ አባትህ እየሰማ፣ እየተናገረ ነው የሚታከመው። ባሉኑ ሲነፋ ለአፍታ ደረቱን ሊጫነው ይችላል፤ አስቀድመህ ንገረው፣ አለዚያ ሞትሁ ብሎ ይደነግጣል። ችግር ካልገጠመ አንድ ሌሊት አድሮ ይወጣል። አንተ ግን ለቀጠሮውም፣ ለእግርህ ማረፊያም የጥቂት ቀን የመኝታና የምግብ ወጪ ያዝ። በመኪና ወይም ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን መቼ መመለስ እንደሚችል ሐኪሙ ይንገራችሁ።

በሬዎቹን ለመሸጥ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ፕሮፎርማው ይምጣ።

ከአዲስ አበባ፦
እኔ ህንድ ነው የምመክርህ። በ2017 እ.ኤ.አ. የህንድ መንግሥት የስቴንት ዋጋ ጣሪያ አውጥቷል፤ መድኃኒት የተቀባው ስቴንት ከ29,600 ሩፒ እንዳይበልጥ ተብሎ ነበር፣ ከዚያ ወዲህም ይከለሳል። የሚዘርፍህ የለም።

ጡረተኛዋ ሒሳብ ሹም፣ ደሴ፦
ወንድሜ፣ ጣሪያ የወጣለት ስቴንቱ ነው እንጂ የሆስፒታሉ ሒሳብ አይደለም። ቪዛው፣ የሁለት ሰው ትኬቱ፣ የማረፊያው ኪራይ፣ ዶላር ለማግኘት የሚጠየቀው ወረቀትስ? አገር ቤት የሚሠራ ሥራ ነው። የሐይቅ ገበሬን ዴልሂ ድረስ አታስኪደው።

የልብ ክፍል ነርስ፣ ኮምቦልቻ፦
እትዬ ስለ ሒሳቡ የጻፉትን ሁሉ አጽድቄአለሁ። እኔ ከሒሳቡ በፊት የሚመጣውን ልጨምር።

አባትህ ሲሄድ የሚያመው፣ ሲያርፍ የሚተወው ከሆነና ሕመሙ እየባሰ ካልመጣ፣ ስቴንቱ የነገ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ከ5,000 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት እንዲህ ባሉ ሰዎች ላይ መድኃኒታቸውን በሚገባ ከሚወስዱት ይልቅ ስቴንት ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ዕድሜ እንዳልረዘመ አሳይቷል፤ የደረት ሕመሙ ግን ይቀልላቸዋል። ዋናው የግራ የልብ ደም ስር ከጠበበ ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ሐኪሙን «ስቴንቱ ለአባቴ የሚያመጣለት ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቀው። ስኳር ያለበት ሰው ብዙ ደም ስሮቹ ከጠበቡ ደግሞ ከስቴንት ይልቅ ባይፓስ የሚባለው፣ ደሙ የጠበበውን ቦታ አልፎ በሌላ ደም ስር እንዲሄድ የሚደረግበት ቀዶ ሕክምና የሚመረጥበት ጊዜ አለ። ሦስት ስቴንት እናስገባ ከተባልህ ይህን ሳትጠይቅ አትፈርም።

ቀለሙ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ክሬቲኒን (የኩላሊቱን ሁኔታ የሚያሳየው የደም ምርመራ) አስቀድሞ ይለካ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ከሆነ ንገሯቸው፤ ለጥቂት ጊዜ ሊያቆሙት ይችላሉ።

ከስቴንቱ በኋላ ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉት አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል ይታዘዙለታል፤ ክሎፒዶግሬሉ ብዙ ጊዜ ለስድስት ወር፣ የልብ ደም ስሩ ድንገት ተዘግቶ (ሃርት አታክ) ከሆነ ለዓመት፣ አስፒሪኑ ግን ለዕድሜ ልክ። ተሻለኝ ብሎ በራሱ ካቆመ ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ ያ ድንገት ሊገድል ይችላል። ጥርስ የሚነቅለውም ሰው ቢሆን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያስቁመው። በረመዳን በቀን አንዴ የሚወሰደውን በሱሁር ወይም በኢፍጣር ማድረግ ይቻላል፤ የስኳሩን መድኃኒት ግን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

ሌሊት ቢይዘውና ቢያርፍም ካልለቀቀው፣ አዲስ አበባ ብላችሁ መንገድ እንዳትጀምሩ። ደሴ ድረሱ፤ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ነው።

ጫቱን ደግሞ እኔ ባልከለክለው ልቡ ይከለክለዋል። ጫት የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ደም ስርንም ያጠብባል። በስቴንት የሰፋውን መልሶ እንዲጠብ ለምን ይክፈል?

የሐይቁ ልጅ፦
ሁላችሁም አላህ ይስጥልኝ። ለአባቴ አነበብሁለት። «ወዳጃ (ጫት ይዘን ዱዓ የምናደርግበት) ላይስ?» አለኝ። ቡናው አለልህ አልሁት፤ ዝም አለ። ፕሮፎርማውን በአዲስ አበባ ባለችው እኅቴ በኩል አወጣለሁ። እትዬ፣ ጤና መድህኑ ይረዳን ይሆን?

ጡረተኛዋ ሒሳብ ሹም፣ ደሴ፦
የመድህኑን መታወቂያና ሪፈሩን ይዘህ ወረዳው ጤና መድህን ቢሮ ሂድ፤ ከየትኛው የመንግሥት ሆስፒታል ጋር ውል እንዳላቸውና ምን ምን እንደሚሸፈን በጽሑፍ ይስጡህ። የግል ከሄድህ ከኪስህ ነው ብለህ ተነሣ። ለቅሬው የምትነግራቸው ገንዘብ ላይም የስድስት ወር መድኃኒቱን ጨምርበት፤ ሰው ሁሉ የሚያዋጣው ለሕክምናው ነው፤ ለክኒኑ ዳግመኛ አይሰበሰብም።